ቀኝ እህትን ማን አረጠባት

ኤልዲና ውሃውን ቀመሰችው። ከወለሉ ሳንቃ ስር ካቆረው ጣቷን ነክራ ምላሷ ላይ አሳረፈችና ዓይኗን ጨፈነች። ከመጠጥ ውሃው በርሜል ያፈተለከ ቢሆን ኖሮ ጣዕም አይኖረውም ነበር፤ የዝናብም ቢሆን እንደዚያው። ይሄኛው ግን ጨው ነው። ጨው ማለት ደግሞ ባሕሩ ራሱ ሳያንኳኳ ቤት ገብቷል ማለት ነው።

«ጌታዬ፣ በዚህ ሳምንት ባይሆን ምን ነበር» አለች በልቧ፤ ስፖንጇንም አነሳች።

ጀልባዋ «እህትማማቾቹ» ትባላለች። ሁለት ቀጫጭን ተንሳፋፊ ቀፎዎች ጎን ለጎን ሆነው በአንድ ሰፊ ወለል የተጋጠሙባት፣ በሸራ የምትሄድ፣ መኝታና ማድቤት ያላት ጀልባ ናት። የባሕር ዳርቻዋ የቪላንኩሉ ሰው አንዱን ቀፎ ቀኝ እህት፣ ሌላውን ግራ እህት ይለዋል። ባሕሩ በየዕለቱ ከዳር ሲሸሽ እንደ ሌሎቹ ጀልባዎች በጎኗ አትጋደምም፤ በሁለቱም እግሯ አሸዋው ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ባሕሩ ሲመለስ ማንም ሳይገፋት ብድግ ትላለች። ይሄ ቁመናዋ ያምራል፤ ጣጣዋም ያው ቁመናዋ ነው። ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ ውሃ ሲገባት ትንገዳገዳለች፣ ታቃስታለች፣ ባለቤቷ ነቅቶ ይደርስላታል። ይቺ ግን ሕመሙን ደብቆ ከሰው ጋር እየሳቀ እንደሚውል ሰው ናት። ወለሉን ገልጦ ያላያት ሰው ምንም አያውቅም።

ስለዚህ ኤልዲና በየቀኑ ገልጣ ታያለች። ጀልባዋ በማፑቶ የሚኖሩት የዶና ግራሲንዳ ናት፤ ዶና ግራሲንዳ አርጅተው ባሕር መውጣት ከተዉ ወዲህ ያጠበቻት፣ ያናፈሰቻት፣ ሸራዋን የሰፋችላት ኤልዲና ነበረች። በዚያው መሃል ማንም ሳያስተምራት፣ ሰው ሲያወራ ጆሮዋን እየጣለች፣ ያገኘችውን መጽሐፍ እያገላበጠች፣ የካፒቴንነት ፈተና ወስዳ አለፈች። ከእንግዲህ እህትማማቾቹ መንገደኛ ይዛ ወደ ደሴቶቹ ልትመላለስ ነው፤ መሪዋን የምትይዘውም ኤልዲና ናት። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የወደቡ መርማሪ ሴኞር አዳልቤርቶ ሐሙስ መጥቶ ጀልባዋን አይቶ ፈቃዱን መፈረም።

ውሃውን መጀመሪያ ያየች ዕለት ለዶና ግራሲንዳ ስልክ ደውላ አልደበቀችም። አሮጊቷም አልተቆጡም፤ ረጋ ብለው፣ ቀዳዳ ማሳደጊያ ዕድሜ እንደሌላቸው፣ ደርባን ከተማ ውስጥ ጀልባዋን እንዳለች የሚገዛ ሰው እንዳለ፣ መርማሪው ካሳለፋት ቁልፉ የኤልዲና እንደሆነ፣ ካላሳለፋት ግን ጀልባዋን ለዚያ ሰው እንደሚሰጡ ነገሯት። «እግዚአብሔር ያቅናልሽ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

እሷም ፍለጋ ገባች። ውሃው ቀኝ እህት ውስጥ ብቻ ነው፤ ግራ እህት ፍጹም ደረቅ ናት። ቀፎውን በስተው የሚያልፉትን ቧንቧዎች አንድ በአንድ ያዘች። የመጸዳጃው አለ፣ የማድቤቱ አለ፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚገባበት አለ። እያንዳንዱ መዝጊያ አለው፤ ከየመዝጊያው አጠገብ ደግሞ ልክክ የሚል የእንጨት ውታፍ በገመድ ታስሮ ተንጠልጥሏል፤ ቧንቧው ቢሰበር በመዶሻ የሚወተፍበት ነው። ሁሉንም በደረቅ ወረቀት አበሰች። ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ወጣ። በመስኮቶቹ ላይ ከውጭ ውሃ እያፈሰሰች ከውስጥ በመዳፏ ዳሰሰች። ጠብ የሚል የለም። ውሃውን ጠርጋ፣ አድርቃ፣ ቆልፋ ለጉዳይዋ ከተማ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ውሃው ተመልሶ ቁጭ ብሏል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባት።

ጭንቋን ለባሏ አባት እንኳ አልነገረችም። ባሏ ደሴቱ ላይ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ወጥ ሠሪ ስለሆነ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ እሷ የምትኖረው ከአባቱ ጋር ነው። መንደሩ ሁሉ ቮቮ ናፍታል ይላቸዋል፤ ቮቮ ማለት አያት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእንጨት ጀልባ ሲሠሩ ኖረው አሁን እጃቸው መጥረቢያ ስለከበደው፣ ኤልዲና ከተማ ስትውል የጀልባዋን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ባሕሩ ዳር ካለው የሽውሽዌ ዛፍ ስር መረብ እየጠገኑ ይጠብቁላታል። እህትማማቾቹ መጀመሪያ የመጣች ጊዜ ጎኗን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አድርገው «ድምጿ የሳህን ነው» ብለው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ጀልባዋ ክፉም ደግም አልተናገሩም። ኤልዲና አሁን «ሳህኗ ታፈስሳለች» ብትላቸው የሚሉትን ስለምታውቅ ዝም አለች።

ሽማግሌው ግን ሰሞኑን ነገር ነገር ይላቸዋል። አንድ ጠዋት መረባቸውን እንደያዙ፣ ቀና ሳይሉ፦

«ልጄ፣ ጀልባሽን አልረሳሻትም አይደል?» አሉ።

«እንዴት እረሳታለሁ ቮቮ?»

«አይ፣ ፀሐዩ ጠንክሯል ብዬ ነው።»

ከዚያ ወደ መረባቸው ተመለሱ። ኤልዲና ሰው ሲናገር የምትሰማ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ጆሮዋ ሁሉ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ስለነበር ነገሩ አለፋት።

ማክሰኞ አዲስ ዘዴ መጣላት። የጀልባዋን የሆድ ውሃ በራሱ መጥጦ የሚያወጣውን ፓምፕ ዱቄቱ እንዳያንቀው አጠፋችና በቀኝ እህት ሆድ ውስጥ የበቆሎ ዱቄት በወንፊት ነሰነሰች። ውሃው ከየትም ቢመጣ ነጩ ላይ መንገዱን ይስላል፣ እሷም መንገዱን ይዛ ወደ ምንጩ ትሄዳለች። ወንፊቷን እያራገፈች ስትወጣ፣ ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ የሚቀሩትን ቅርፊታም የባሕር እንስሳት ለቅማ የምትሸጠው ጎረቤቷ ጁሊታ ቅርጫቷን ተሸክማ ቆማ ታያታለች።

«ለጀልባ ገንፎ ተጀመረ?» አለች ጁሊታ። «የኔ ልጆች ጦማቸውን ያድራሉ፣ የዶና ግራሲንዳ ጀልባ ገንፎ ትበላለች።»

«ትንሽ አሟት ነው።»

«እንግዲያው ቅጠል ቀቅይላት።»

ከሰዓት በኋላ ኤልዲና ከከተማ ስትመለስ ጁሊታ ምን እንደሚሆን ለማየት ተከትላት ገባች። ሳንቃውን ሲያነሱት ዱቄቱ ቦክቷል። ከየቧንቧው ስር የተነሰነሰው እንዳለ ነጭ ነው፣ አንድ ጠብታ አልነካውም። የታጠበው ከደረጃው ስር፣ ሳንቃው ከሚነሳበት ቦታ ጀምሮ ነው። በቦካው መሃል ደግሞ ጣት የምታህል ብርማ ዓሣ፣ በሕይወት ያለች፣ በነገሩ ደስ ሳይላት ጭራዋን ታወናጭፋለች።

ጁሊታ አጨበጨበች። «ገንፎውም ደረሰ፣ ዓሣውም መጣ። ይቺ ጀልባ ባልም አያስፈልጋት!» አለች። ከዚያ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የተዘጋ ቤት ውስጥ ዓሣ መገኘቱ ደግ ነገር እንዳልሆነ፣ ወይ ተአምር ወይ የሰው ዓይን እንደሆነ ነገረቻትና የሰማችውን ለማካፈል ፈጠን ብላ ሄደች።

ኤልዲና ዓሣዋን በሁለት መዳፏ ይዛ ወደ ባሕሩ መለሰቻት። ወረቀት የማያረጥብ ቀዳዳ ዓሣ አያሳልፍም። ተአምርም ቢሆን፣ እግዚአብሔር ምን ሲል ከደረጃው ስር ይጀምራል? ይሄን ያመጣው እጅ ያለው ሰው ነው።

ረቡዕ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከተማ እንደምትሄድ ለቮቮ ነገረችና በቤቶቹ ጀርባ ዞራ ተመለሰች። እሳቸው ለቁርስ ሲገቡ በራሷ ቁልፍ ጀልባዋ ላይ ወጥታ ግራ እህት ውስጥ ወርዳ ተቀመጠች። ጸለየች። ምን እንደሚመጣ አላወቀችም፤ ክፉ ሰው ከሆነ ክፉ ቃል ከአፏ እንዳይወጣ ነበር የጸለየችው። ባሕሩ ርቆ ሄዷል፤ ከወፎች በስተቀር የሚሰማ የለም።

ከዚያ እርጥብ አሸዋ ላይ የሚጎተት እግር ተሰማ። የባልዲ እጀታ ተንኳኳ። ቁልፍ በሩን ከፈተ፤ አንድ ሰው እየተነፈሰ፣ በየደረጃው እያረፈ፣ ወደ ቀኝ እህት ወረደ። ሳንቃው ተነሳ።

«እንዴት ዋልሽ፣ የኔ ልጅ» አለ ድምፁ። የቮቮ ናፍታል ድምፅ ነው። «ዛሬም ማንም አላጠጣሽም አይደል? አይዞሽ። እሷም ሥራ በዝቶባት ነው።»

ውሃ ተንቧቧ። ትንሽ ቆይቶ፣ ዛሬ የተከፈተው ፓምፕ ነቅቶ ማጉረምረም ጀመረና ውሃውን በጎን ወደ አሸዋው ተፋው።

«ይኸው፣ አሁንም አስመለሰሽ» አሉ ሽማግሌው እያዘኑ። «ሆድሽ አልለመደም። ቀስ ብለሽ ጠጪ።»

ኤልዲና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። የሳምንት ጭንቀቷ በአንድ ጊዜ ወደ ሳቅ ተለውጦ ሊያፈነዳት ደረሰ። ገባት። ቪላንኩሉ ውስጥ ይሄን የማያውቅ ልጅ የለም፦ የእንጨት ጀልባ ፀሐይ ላይ ቆማ ከዋለች ትጠማለች። እንጨቱ ደርቆ ይኮማተራል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ባሕር ስትገባ እንደ ወንፊት ታፈስሳለች። ስለዚህ ደረቅ ላይ የቆመች ጀልባ ከባሕሩ ውሃ በባልዲ እየተቀዳላት በሆዷ ትጠጣለች፤ እንጨቱም እንዳበጠ፣ እንደተጣበቀ ይኖራል። ደግ ባለ ጀልባ ማለት ጀልባውን የማያስጠማ ማለት ነው።

እስኪጨርሱ ጠብቃ፣ ከግራ ወጥታ፣ ወደ ቀኝ ወረደች። ቮቮ ናፍታል ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ሲያዩዋት ባልዲውን ከእግራቸው ኋላ ገፋ አደረጉት።

«ከተማ አልሄድሽም እንዴ?»

«አልሄድኩም ቮቮ።»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን ማሸት ተዉ። በመጨረሻ እሳቸው ጀመሩ። ልነግርሽ ነበር አሉ፤ ግን ካፒቴን ሆና ጀልባዋን ማጠጣት ረሳች ብለው ሰዎች እንዳይስቁብሽ፣ ማንም ሳያይ እኔው ላጠጣልሽ አልኩ። ትናንትማ ወለሉን ገልጬ ሳይ ነጭ ነገር ነስንሰሽበታል፤ ለካ ጨው እያበላሻት ነው፣ እንዴት አትጠማ ብዬ ባልዲ ጨመርኩላት። ግራዋን ግን ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ደረጃዋ ገደል ነው። እሷ ተጠምታ ከሆነ ኃጢአቱ የኔ ነው።

ቀጥለውም ለምን እንደዚህ እንደሚሆኑ ነገሯት። ገና ወጣት ሳሉ የመጀመሪያዋን ጀልባቸውን አሸዋ ላይ ትተው ለሠርግ ኢንያምባኔ ከተማ ይሄዳሉ። ሠርጉ ጣፍጧቸው ይቆያሉ። ሲመለሱ ሳያጠጧት ኮኮናት ጭነውባት ይወጣሉ፤ ባሕሩ መሃል ያለው የአሸዋ ደለል ጋ እንኳ ሳትደርስ ሰጠመች። ሰው ሁሉ ዋኝቶ ወጣ፤ ኮኮናቱም ተንሳፍፎ ወጣ፤ መንደሩም ወርዶ ለቀመው። «በየቤቱ ድስት ውስጥ የራሴን ኮኮናት እያሸተትኩ ከረምኩ» አሉ። «ደግሞ ጋብዘውኝ አመስግኜ እበላለሁ። ከዚያ ወዲህ የተጠማች ጀልባ ካለች እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ኤልዲና አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጀልባዋ ከእንጨት ሳይሆን ከፋይበርና ከሙጫ ስለመሠራቷ፣ ስለ ምርመራው ልትነግራቸው ብዙ ቃል አፏ ላይ ነበር። ሁሉንም ተወችው።

«ቮቮ፣ ይሄ ባልዲዎ ፀሐይ ላይ ሲውል ያጠጡታል?»

«ባልዲ? ባልዲ ምን ብሎ ይጠጣል? ፕላስቲክ አይደል...»

ባልዲውን ከእግራቸው ኋላ አወጡና ገልብጠው አዩት። የቀኝ እህትን ግድግዳ አዩ። ጣታቸውን አጠፉና ግድግዳውን ኳ ኳ አደረጉ፤ ባልዲውንም ኳ ኳ አደረጉ።

«እና እኔ» አሉ በዝግታ፣ «ባልዲ በባልዲ ሳጠጣ ነው የከረምኩት?»

ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ሳል እስኪያቋርጠው፣ እንባቸው እስኪወርድ፣ ኤልዲና ጀርባቸውን እስክትመታቸው ድረስ ሳቁ። ሲበርድላቸው መጀመሪያ የጠየቁት ለማን እንደነገረች ነበር። ለማንም፣ አለች፤ ዓሣዋን ያየችው ጁሊታ ብቻ ናት።

«ጁሊታ ካየች አገር አይቷል። እንግዲያው እሷ አሳምራ ሳታወራው እኔው ራሴ ላውራው።»

እንዳይሄዱ ለመነቻቸው፤ መጀመሪያ ማድረቅ አለ። የባሕር ውሃ ቢጠረግም ጨው ይተዋል፣ ጨው ደግሞ እርጥበት እየጠራ ያመጣል፤ ስለዚህ ሆዷን በጉድጓድ ውሃ አጠቡና በስፖንጅ፣ ከዚያ በጨርቅ፣ ከዚያ በሌላ ጨርቅ አበሱ። ሽማግሌው ጥግ ለጥግ እየዳሰሱ «ይቅር በይኝ» ይሏት ነበር።

ሐሙስ ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ ሴኞር አዳልቤርቶ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ አሸዋውን አቋርጦ መጣ። ቁጡ ሰው አይደለም፤ የማይቸኩል ሰው ነው፣ ያ ደግሞ ይብሳል። መዝጊያዎቹን እያንዳንዳቸው ከፍቶ ዘጋ። የታሰሩትን ውታፎች ጎተተ። የፓምፖቹን ተንሳፋፊ ማብሪያ በጣቱ አነሳና ሲያጉረመርሙ ሰማ። በቀፎው ጎን ያለውን የማምለጫ መስኮት ጎማ በጥፍሩ ጫረ። ሁሉንም ከጨረሰ በኋላ፣ እስካሁን ውሃ ገብቷት ያውቃል ወይ ሲል ጠየቀ።

ኤልዲና አዎ አለችና ከጣቷ ቅምሻ እስከ ዓሣዋ ድረስ ነገረችው። ሴኞር አዳልቤርቶ አንድ ጊዜም ፈገግ ሳይል ሰማት።

«ማና ኤልዲና» አለ፤ ማና ብሎ እንደ እህት ሲጠራት ደግ ነገር እንዳልሆነ ገባት። «ያየኋት የምታፈስስ ጀልባ ሁሉ አንድ ጥፋተኛ ሽማግሌ አላት። ጠጋኙ ነው፣ ጠባቂው ነው፣ አያት ነው። እንደ ባለቤቷ ወሬ ቀዳዳ ግን የላትም።»

ቮቮ ናፍታል ተጠርተው መጡ። እሳቸውም ስንት ጊዜ እንዳጠጧት፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሳት፣ ግራዋን ምን ያህል እንደበደሉ መሰከሩ። መርማሪው አሁንም አላመነም። ዱቄት አምጪ አላት። ፓምፖቹን አጥፍቶ በራሱ እጅ ሁለቱም እህቶች ሆድ ውስጥ ነሰነሰ፣ ሳንቃዎቹን መለሰ፣ በሮቹን ቆልፎ ሁሉንም ቁልፎች፣ የሽማግሌውን ጭምር፣ ኪሱ ከተተ። «ባሕሩ መጥቶ ያንሳት። እኛም እዚሁ እንቀመጥ። እርስዎ ደግሞ አባቴ፣ የማይዎት ቦታ ይቀመጡ።»

በኮኮናትና በኦቾሎኒ የተሠራ የካሳቫ ቅጠል ወጥና ሩዝ ነበር፤ መሃለኛው ወለል ላይ ተቀምጠው በሉ። መርማሪው ጨመረ። ሽማግሌው እንደበሉ ተነሱ፤ ገበያ ውስጥ የሚጠብቃቸው ወሬ እንዳለ፣ ባሕሩ ሳይመለስ በእግራቸው ቢሻገሩ እንደሚሻል ተናግረው፣ ኪሳቸውን ለመርማሪው ገልብጠው አሳይተው ሄዱ።

ባሕሩ መጣ። መጀመሪያ በአሸዋው መሃል እንደ ክር፣ ከዚያ እንደ ምንጣፍ። ኤልዲና ዓይኗን ከውሃው አልነቀለችም። ቀዳዳ እንደሌለ ታውቃለች፤ ግን ያወቀችው አስባ ደርሳበት ነው እንጂ በዓይኗ አይታ አይደለም፤ ሽማግሌው ሲያጠጡ የሸፈኑት እውነተኛ ቀዳዳ ቢኖርስ? ደርባን ያለው ሰው ትዝ አላት። እህትማማቾቹ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፣ አንድ እግሯን አነሳች፣ ሌላውን አነሳች፣ ተንሳፈፈች። መርማሪው ግን አልተነሳም። ውሃው ሙሉ ጎኗን እስኪጫናት ጠብቆ ነው መብራቱን ይዞ ወደ ቀኝ እህት የወረደው። ኤልዲና ከላይ ቆማ የሚሰማውን ብቻ ሰማች፦ የሳንቃ መነሳት፣ ከዚያ እፍ የሚል ትንፋሽ፣ ከዚያ ተደጋጋሚ ማስነጠስ።

አፍንጫው ላይ ነጭ ዱቄት ይዞ ወጣ። ግራዋንም አየ። «እንደ ነሰነስኩት ነው» አለ። «ደረቅ ናት። ሁለቱም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ኤልዲና።

መርማሪው እጁን ታጥቦ ቦርሳውን ዘጋና፣ መልካም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቢሮ ብቅ በይ፣ አለቃው ከመጣ ወረቀቱን እናየዋለን አለ። በዚያ ቢሮ «በሚቀጥለው ሳምንት» ምን ማለት እንደሆነ ኤልዲና ታውቃለች፤ ዶና ግራሲንዳም ያውቃሉ፣ ደርባን ያለውም ሰው ሳያውቅ አይቀርም። መርማሪው ጫማውን አንስቶ ወደ ዳር ዞረ። የመጣበት አሸዋ የለም። ከጀልባዋ እስከ ሽውሽዌው ድረስ አረንጓዴ ውሃ ተዘርግቷል።

«በይ አድርሺኝ» አለ።

«አልችልም ሴኞር። መንገደኛ ለመጫን ፈቃድ የለኝም።»

«ከኋላ በታሰረችው ትንሽ የጎማ ጀልባ ነው የምልሽ።»

«እሷም በዚሁ ወረቀት ስር ናት።»

ሴኞር አዳልቤርቶ ትክ ብሎ አያት። የምትቀልድ አትመስልም ነበር፤ እጆቿን አጣምራ በአክብሮት ቆማለች።

«ታዲያ ምን ልሁን?»

«ባሕሩ እስኪሸሽ ይረፉ። መኝታ አለ፣ ወጡም አልቆ አይደለም።»

«ይሄን ሕግ ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ ነዎት። ፈተናው ላይ ጠይቀውኝ መልሻለሁ።»

ሰውየው ወደ ባሕሩ አየ፣ ወደ ጫማው አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሩ ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቦርሳውን መልሶ ከፈተና ከፕላስቲክ ውስጥ ማኅተሙን አወጣ፤ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ፣ ማኅተም መታበት፣ እንዲደርቅ አርገበገበው። ኤልዲና ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አንብባ፣ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችው። ከዚያ ወደ ፊት ሄዳ መልህቁን ሳበች።

ነፋሱ ከደቡብ ነበር፣ ለስላሳ፣ ልክ የሚፈለገው ያህል። ሸራው ወጣ፣ ተንገጫገጨ፣ ሞላ። ኤልዲና መሪውን ያዘች። ሴኞር አዳልቤርቶ ጫማውን ታቅፎ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ጥጉን ይዞ ተቀመጠና፣ ጀልባዋ ለመሆኑ ወደ ወደቡ በየት በኩል ነው የምትዞረው ብሎ አንገቱን አሰገገ።

«ሴኞር፣ ልዞር ነው» አለች ካፒቴኗ። «የሸራው አግዳሚ በላይዎ ሊያልፍ ነው፣ ራስዎን ዝቅ ያድርጉ።»

መርማሪው ወዲያው ጎንበስ አለ።